ስምንት ፈረስና አንድ ብርድ ልብስ

(ይህ ስለ አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ሕግ ለሐበሻ የሕግ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቅጂው ላይ አውርጄ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ተማሪዎች ብቻ ይመጣሉ ብዬ ነበር፤ አባቶችና እናቶችም መጡ፣ ቡናም ተፈላ። ስለዚህ የሕጉ ቋንቋ ላላ ቢልባችሁ ጥፋቱ የቡናው ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። በአንድ ግድያ ልጀምር።

ዘመኑ 1881 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቦታው ዛሬ ሳውዝ ዳኮታ በምንለው ግዛት ያለው ሮዝበድ፣ ከእነዚሁ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የላኮታዎች ምድር ነው። ክሮው ዶግ የሚባል ሰው ስፖትድ ቴይል የሚባለውን አለቃ ተኩሶ ገደለው። ገዳይም ሟችም የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ሸንጎው ወዲያው ተሰበሰበ። ሽማግሌ በሁለቱ ቤተሰቦች መሀል ገባ። ካሳው ተቆረጠ፦ 600 ዶላር፣ ስምንት ፈረስ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ተከፈለ፣ ደሙም ደረቀ።

የአሜሪካ መንግሥት ግን አልደረቀም አለ። ክሮው ዶግን አስሮ ዴድውድ የምትባል ከተማ አቀረበው፣ እዚያ ያለው ፍርድ ቤትም በስቅላት እንዲሞት ፈረደበት። ነገሩ ዋሽንግተን ድረስ ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1883 ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ አጭር ነው፦ ሰውየው በራሱ ሕዝብ ሕግ የሚዳኝ ነው፣ ኮንግረስም ይህን ሥልጣን በግልጽ አልወሰደባቸውም።

ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ያንኑ ፍርድ አንብባችሁ ስትጨርሱ የላኮታዎቹ ነገር «የቀይ ሰው በቀል» ተብሎ ታገኙታላችሁ። በቀል! ፈረስ ተነድቶ፣ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ሁለት ቤተሰብ እንዳይተላለቅ የተደረገው ዕርቅ ነው በቀል የተባለው። አንጠልጥሎ ለመግደል ገመድ ያዘጋጀው ደግሞ ፍትሕ ነው። ነፃ ሲያወጡት እንኳ ሰድበው ነው ያወጡት።

ያም ቢሆን ብዙ አልቆየም። በ1885 ኮንግረስ ሕግ አወጣ፦ ከዚህ በኋላ ኢንዲያን ኢንዲያንን ቢገድል የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው አለ። ግድያን ጨምሮ ሰባት ወንጀሎች ተዘረዘሩ። ሕጉ ዛሬም አለ፣ ዝርዝሩም ከዚያ ወዲህ ረዝሟል።

ይህን ኬዝ ያነበብኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ «ስምንት ፈረስና አንድ ብርድ ልብስ» ሲል ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው። ክፉ ልጆች አልነበሩም። የሰው ነፍስ በብርድ ልብስ ሲተመን ሰምተው ነው። እኔ አልሳቅኩም። ከእነሱ ስለምሻል አይደለም፤ ያን ብርድ ልብስ የማውቀው መሰለኝ።

አያቴ ወሎ ውስጥ ደም ከሚያደርቁት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። አበጋር የሚባሉት አሉ አይደል፣ ከእነሱ ጋር ይቀመጡ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ዕርቅ ከሩቅ አይቻለሁ። ከሩቅ የሆነው ሴት ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ። የገዳዩ ወገኖች ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ካሳው ስንት እንደነበር ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ድንጋዩን ከትከሻቸው እስኪያወርድላቸው ድረስ ያ ሁሉ ሰው በፀሐይ ቆሞ ጠበቀው። እሱ እጁን እስኪያነሳ ማንም አልተነቃነቀም። እና ክፍል ውስጥ ሳቁን ስሰማ የታየኝ ያ ድንጋይ ነው።

ፕሮፌሰሩ ለዚህ ኬዝ አሥር ደቂቃ ሰጠው። ከዚያ ገጹ ተገለበጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ ኮንግረስ ምን አደረገ፣ ይሄ ተነገረን። ሸንጎው ውስጥ ማን ተናገረ? ስምንት ለምን ሆነ፣ አሥር ያልሆነው? ብርድ ልብስ በላኮታ ዘንድ ምንድን ነው? አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ያኔ አፌን የምከፍት ተማሪ አልነበርኩም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት እዚህ ላይ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት «የኢንዲያን ሕግ» ሲባል የሚማሩት ስለ እነሱ የወጣውን ሕግ ነው። የእነሱ የራሳቸው ሕግ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዋሽንግተን ላይ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው በእነሱው ምድር፣ ዊንዶ ሮክ ላይ፣ ሮዝበድ ላይ፣ ሳንታ ክላራ ላይ ይኖራል። አንዱን በሌላው ስም እያስተማሩ አንድ ሙሉ ትውልድ ጠበቃ ያስመርቃሉ።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እኛ «ቀይ ሕንዶች» እያልን ነው ያደግነው። ኮሎምበስ መንገድ ሳተ፣ ስህተቱን እኛ ከነቀለሙ ወረስነው። «ትራይብ» የሚለውን «ጎሳ» ብሎ መተርጎም ደግሞ እኛ ቤት ምን እንደሚያስነሳ ታውቃላችሁ፣ አልገባበትም። እኔ «ነገድ» እላለሁ። እነሱ ራሳቸውን «ኔሽን» ይላሉ፦ ናቫሆ ኔሽን፣ ቸሮኪ ኔሽን። ሕጉ ላይ የተጻፈው «ኢንዲያን» ስለሆነ እሱንም እጠቀማለሁ።

የፌዴራል መንግሥት የሚያውቃቸው ነገዶች ከ570 በላይ ናቸው። የራሳቸው ዳኝነት ያላቸው ወደ 400 ይጠጋሉ። ላባ የደፋ ሽማግሌ እሳት ዳር ተቀምጦ እንዳይታያችሁ። አብዛኛው ቦታ ጥቁር ካባ የለበሰ ዳኛ፣ ሬጅስትራር፣ የታተመ ሕግ፣ የቀጠሮ ሰሌዳ አለ። ወረፋውም እንደሌላው ፍርድ ቤት ያሰለቻል።

ከ1831 እና ከ1832 ጀምሮ ያለውን ታሪክ በፍጥነት ልለፈው፣ ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል መጀመሪያ ቸሮኪዎችን «በአገር ውስጥ ያሉ ጥገኛ ሕዝቦች» አላቸው። በዓመቱ ደግሞ የጆርጂያ ሕግ በምድራቸው ላይ አይሠራም ብሎ ፈረደላቸው። ፈረደላቸውና ምን ሆነ? በ1838 እና በ1839 በወታደር ተነድተው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መንገድ ላይ አለቁ። ፍርድ አሸንፎ አገር ማጣት ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ዱቤ።

አሪዞና ውስጥ፣ ናቫሆ ምድር ላይ፣ ጋናዶ የሚባል ቦታ ሱቅ ያለው ሊ የሚባል ነጭ ነጋዴ ነበር። ዊሊያምስ ለሚባሉ ናቫሆ ባልና ሚስት በዱቤ ዕቃ ሸጠ። አልከፈሉም። እሱ ሮጦ ወደ አሪዞና ፍርድ ቤት ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1959፣ አንድም ዳኛ ሳይቃወም፣ «እነሱ አገር ገብተህ ነግደሃል፣ እነሱ ፍርድ ቤት ሂድ» አለው። እንግዲህ ኬዙን ሁሉም የኢንዲያን ሕግ ተማሪ ያውቀዋል። ሊ የተላከበት የናቫሆ ፍርድ ቤት ግን ዱቤን እንዴት እንደሚዳኝ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው ደጃፉ ድረስ ይመጣል፣ አይገባም።

ገብተን እንየው። ናቫሆዎች በ1982 አሮጌ የዕርቅ ሥርዓታቸውን ከመደበኛው ፍርድ ቤታቸው ጋር አያያዙት። በዕርቁ ላይ ፈራጅ ዳኛ የለም። የሚመራው ናታኒ የሚሉት፣ ሰው የሚሰማው ሰው ነው። በጸሎት ይጀመራል። የሚመጣው ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ አይደለም፤ አክስት ትመጣለች፣ አጎት ይመጣል፣ ሁሉም በተራው የልቡን ይናገራል። ናታኒው ደግሞ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፣ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ የጥንት ተረት አምጥቶ ያስታውሳል። ገለልተኛ ሁን የሚለው ወግ እዚያ የለም። እንዲያውም ዘመድ ሊሆን ይችላል። የእኛን ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ሴሚስተር አያስፈልገውም።

መጨረሻ ላይ ናልዬህ የሚሉት ነገር አለ። ካሳ ብለን እንተርጉመው። ስሌቱ ግን ደስ ይላል። የሆስፒታል ቢልና የቀረ ደሞዝ ተደምሮ የሚወጣ አይደለም፤ መጠኑ «ቂም እንዳይቀር የሚበቃ» ነው። ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ከብት ሊሆን ይችላል፣ ጌጥ ሊሆን ይችላል። አሁን ወደ ስምንቱ ፈረስ ተመለሱ። ላኮታና ናቫሆ አንድ አይደሉም፣ ቋንቋቸውም ሕጋቸውም የየራሱ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው «ነፍስ ስንት ታወጣለች» እንዳልነበር ይገባችኋል።

የናቫሆ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበሩት ሮበርት ያዚ የሚጠቅሱት አንድ የናቫሆ አባባል አለ። ጥፋት ያጠፋን ሰው «ዘመድ እንደሌለው ሰው ሆነ» ይሉታል። ሳነበው ሴት አያቴ ትዝ አሉኝ። ሲናደዱ የሚወረውሩት ስድብ «አሳዳጊ የበደለው!» ነበር። ሁለቱም ጥፋቱን ከልጁ አልፈው ወደ ቤቱ ይወስዱታል። ልዩነቱ ናቫሆዎቹ ከስድቡ ወደ ሥርዓት ማለፋቸው ነው፦ ዘመድ የለውም ከተባለ ዘመዶቹን ጥሩልን ይላሉ።

ተማሪዎች፣ ይሄ የቃል ብቻ አይደለም። በ2002 የናቫሆ ምክር ቤት የዲኔ መሠረታዊ ሕግ ብሎ (ዲኔ ናቫሆዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው) በሕግ መጽሐፋቸው አስገብቶታል፤ ዳኞቹም ፍርድ ሲጽፉ ይጠቅሱታል። የራሳቸው የባር ፈተናም አላቸው። የሃርቫርድ ዲግሪ ይዘሽም ብትመጪ ጠበቃ ሆነሽ ለመመዝገብ እሱን ማለፍ አለብሽ። የሕግ ዲግሪ የሌለው ደግሞ ሠልጥኖ ፈተናውን ካለፈ መሟገት ይችላል።

አሁን ሴት ልጅ ስለሆንኩ ከሩቅ አየሁ ወዳልኩት። የራስን ሕግ ማክበር ጥሩ ነው እያልኩ ጣፋጭ ጣፋጩን ብቻ ካወራሁ ዋሽቻለሁ። ጁሊያ ማርቲኔዝ የምትባል ሴት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ የሚባለው ነገድ ልጅ ነች። ናቫሆ አገባች። የፑዌብሎው የ1939 ደንብ እንዲህ ይል ነበር፦ ወንድ ከውጭ ቢያገባ ልጆቹ አባል ናቸው፣ ሴት ከውጭ ብታገባ ልጆቿ አይደሉም። ልጆቿ እዚያው አድገዋል፣ ቋንቋውን ይናገራሉ። ግን አባል አልነበሩም፣ እናታቸው ብትሞት ቤቱን አይወርሱም ነበር። ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ይሄን የሚወስነው ነገዱ ነው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት አይገባበትም አለ። ፍርዱን የጻፉት ተርጉድ ማርሻል ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት እንዲቀር ተሟግተው ያሸነፉት ጠበቃ።

ይህን ኬዝ ስንት ጊዜ አንብቤ ስንት ጊዜ ሐሳቤን እንደቀየርኩ አልቆጠርኩም። እንደ ሴት ያቃጥለኛል። የአያቴ ሸንጎ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ አላየሁም፣ አንዳንድ አካባቢ ሴት ልጅ ራሷ የደም ካሳ ሆና ተሰጥታለች። ግን ማን ያስተካክለው? ዋሽንግተን የነካችው ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ከላይ ሰምታችኋል። የእኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣ ጁሊያ ትክክል ነበረች፣ ፍርድ ቤቱም ከእጁ ማውጣቱ ትክክል ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ደስ አይልም። እኔ ባስተምር ኖሮ የመጀመሪያ ቀን የምሰጠው ይህን ነበር።

በዚያው 1978፣ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ኦሊፋንት የሚባለው ፍርድ ወጣ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ የሱኳሚሽ ነገድ በዓል ላይ አንድ ኢንዲያን ያልሆነ ሰው ከነገዱ ፖሊስ ጋር ተደባደበ። ፍርድ ቤቱ ነገዱ ኢንዲያን ያልሆነን ሰው በወንጀል መዳኘት አይችልም አለ። በቃ። ውጤቱን አስቡት፦ ነጭ ባል ኢንዲያን ሚስቱን በነገዱ ምድር ላይ፣ በነገዱ ፖሊስ ፊት ቢደበድባት ነገዱ ሊከሰው አይችልም። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ሰዓታት የሚያስነዳ ከተማ ነው ያለው። ይሄ ቀዳዳ በከፊል የተደፈነው በ2013 ነው፤ በ2022 ደግሞ ወሲባዊ ጥቃትና ሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ተጨመረ። ስንት ሴት ነው በመሀል ያለፈችው? ወደ 35 ዓመት ነው።

ትምህርቱስ? አብዛኛው ትምህርት ቤት ቢኖረው አንድ የምርጫ ኮርስ አለው። ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ሞንታና፣ ኦክላሆማ ያሉት በርትተዋል። ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ከ1967 ጀምሮ ኢንዲያን ተማሪዎችን ሕግ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በክረምት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አለ፤ ዛሬ ብዙ ዳኛና ጠበቃ የወጣው ከዚያ ነው። ግን እኛ ተማሪዎች እንተዋወቃለን። ፈተና ላይ ካልመጣ ማን ያነባል? ኒው ሜክሲኮ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሳውዝ ዳኮታ ነገሩ ገብቷቸው የባር ፈተናቸው ላይ ከተቱት። ትምህርት ቤቶቹም ወዲያው ነቃ አሉ። አሁን አብዛኛው ስቴት የሚቀበለው ወጥ ፈተና ላይ ግን የለም።

ካናዳ ከዚህ ይሻላል። በ2015 የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ የሕግ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ስለ ቀደምት ሕዝቦችና ስለ ሕጋቸው ግዴታ ኮርስ እንዲሰጡ ጠየቀ። ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ከዚያም አለፈ፤ የካናዳን ሕግና የቀደምት ሕዝቦችን ሕግ ጎን ለጎን አስተምሮ ሁለት ዲግሪ ይሰጣል። እዚያ የነገዱ ሕግ እንደ ተረት አይነበብም። እንደ ኬዝ ተፈልቅቆ፣ ተከራክረውበት፣ ስህተቱም ወጥቶ ነው የሚጠናው።

ካናዳ እዚህ የደረሰችው ግን በባዶ አይደለም። በ1987 ሜሪ ጆንሰን የሚባሉ፣ ከቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የጊትክሳን ሕዝብ ሽማግሌ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ምድሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ማስረጃቸው መዝሙር ነበር፣ ከቤታቸው ታሪክ ጋር የሚወረስ መዝሙር። ሊዘምሩ ሲሉ ዳኛው ከለከሏቸው። ጆሮዬ ለዜማ አልተፈጠረም፣ ቢዘመርልኝም አይገባኝም፣ ነው ያሉት። እሳቸው ግን ዘመሩ። ክርክሩ 374 ቀን ፈጀ፣ ዳኛውም በ1991 ፈረዱባቸው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 የቃል ታሪክ እንደ ማስረጃ መመዘን አለበት ብሎ ፍርዱን ሻረው።

አባቶች እዚህ ላይ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። በላ ልበልሃ! አያቶቻችን በግጥም ሲሟገቱ፣ ጋቢ እያጣፉ፣ ተጠየቅ ሲባባሉ፣ ዳኛው ለዜማ ጆሮ የለኝም ቢል ማን ይሰማው ነበር? ግን እኛም አዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ ስንከፍት ይሄን ደጅ አስቀርተነዋል። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1960ው ፍትሐ ብሔር አንቀጽ 3347 ላይ፣ በሕጉ በተሸፈነ ጉዳይ የነበረውን የልማድ ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻረው። በ1995ቱ ሕገ መንግሥት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል ሕግ እንዲታይ በሩ ተከፈተ፣ ኦሮሚያም በ2021 የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመች። ወንጀሉ ዛሬም የመንግሥት ነው፣ ሽማግሌው ዛሬም ደም ያደርቃል። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 የቀደምት ሕዝቦችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ አሜሪካና ካናዳን ጨምሮ አራት አገሮች ተቃወሙ። ኢትዮጵያ ድምፅ በተሰጠበት ጊዜ አልነበረችም።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨረስኩና ጥያቄ ተባለ። ተማሪዎቹ ዝም። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ጥሩ ተናገርሽ። እኔ መኪና ነው የምነዳው፣ ትልቁን፣ ፍራይትላይነር። በ40 ሀይዌይ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። እዚያ ያለው የነሱ ፖሊስ ነው። እኔ ደግሞ የነሱ ሰው አይደለሁም። ከነሱ ጋር ምን አገናኘኝ?»

ከዚያን ቀን ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው። ነገርኳቸው። በስቴት አውራ ጎዳና ላይ ከተጋጩና ለካሳ የሚካሰሱት ሰው የነገዱ አባል ካልሆነ፣ መንገዱ በነገዱ ምድር ቢያልፍም፣ የነገዱ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በአንድ የኖርዝ ዳኮታ አደጋ ላይ እንዲህ ወስኗል። ፖሊሱ ግን ሌላ ነው። ሞንታና ውስጥ፣ በክሮው ነገድ ምድር፣ መንገድ ዳር የቆመ ፒክአፕ ያየ የነገዱ ፖሊስ ጠጋ ብሎ አናገረ፣ ውስጡ መሣሪያና ዕፅ አገኘ። ሰውየው ኢንዲያን አይደለሁምና ልትፈትሸኝ አትችልም አለ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2021 ዘጠኙም ዳኞች ተስማሙ፦ የነገዱ ፖሊስ የስቴት ወይም የፌዴራል ሕግ የጣሰ የመሰለውን መንገደኛ ለጊዜው ማስቆምና መፈተሽ ይችላል፤ ክሱን ግን ሌላ ነው የሚመሠርተው።

አባት አሰቡበት።

«እሺ። መብራቱን አብርቶ ከኋላዬ ቢመጣ ልቁም፣ አልቁም?»

«ይቁሙ ጋሼ።»

«እኔማ ድሮም እቆማለሁ» አሉ። «ይሄ ዘጠኝ ዳኛ ማስፈለጉ ነው የገረመኝ።»